ሻለቃው ቤቱ ናፍቆታል

ኅዳር 14 ቀን። የአናጢው ሚስት የዶሮ ቤት ዓመድ እስካሁን አልተጠረገም።

ለክቡር የዶሮ አርቢዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ። ባለቤትዎስ እንዴት ናቸው? ዶሮዎችዎስ? የመጨረሻውን የጠየቅሁት ለወጉ ያህል ነው እንጂ ደህንነታቸውን ሳልጠይቅም አውቀዋለሁ፤ በሰፈራችን በሕይወት ያሉት ዶሮዎች የእርስዎ ብቻ ለመሆን ጥቂት ስለቀራቸው፣ እንቁላል ጥለው የሚያሰሙት ጩኸት ሞተሬ በጠፋ ሰዓት እስከ ወፍጮ ቤቴ ድረስ ይደርሳል። እኔ የዱቄቱ ብናኝ ከሚያስለኝ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ በሰው ልልክልዎ አስቤ ነበር። ሆኖም ለማኅበራችን የዋሉት ውለታ ታሽጎ የሚቀር ስላልሆነ፣ ሰው ሁሉ እህሉን ይዞ ተራ በሚጠብቅበት በወፍጮ ቤቱ በር ላይ በምስማር መትቼዋለሁ። መነጽሩን ቤቱ የረሳ ካለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት እለምናለሁ፤ ድምፁ ጥሩ ነው። የእሱ ነገር የተነሳበት ቦታ ሲደርስም ዘሎ ባያልፈው ደስ ይለኛል።

ከዚሁ በር አጠገብ የተጋደመውን ግንድ ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ ጥላው የማይለየው ጫፉ የእርስዎ መቀመጫ ነው። ለመንገደኛ አንባቢ ግን ላስረዳ። እህል የሚያስፈጭ ሁሉ እዚያ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ የሁሉም ጓሮ ዶሮ ስላለበት ወሬውም ዶሮ ነው። ግንዱ አንድ ደንብ ነበረው። ማን እንዳወጣው አላውቅም። የመጣ ሰው «እንዴት አደራችሁ» ከማለቱ በፊት «ዶሮዎቹስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ደህና ከሆኑ ይቀመጣል። በግቢው የታመመ ዶሮ ካለ ግን አይቀመጥም፤ ራቅ ብሎ ቆሞ ይናገራል። የቆመ ሰው ሲታይ ሌላው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዶ ዶሮውን ይዘጋል፣ ከዚያ ግቢ ጋር መዋዋስ ይቀራል፣ የቆመውንም ማንም አይወቅሰውም። ፈንግል በመጣ ቁጥር አንድ ሁለት ቤት ነክቶ ያልፍ ነበር እንጂ ሰፈሩን አይጠርገውም ነበር። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት እንዲህ ባለ ኋላቀርነት ውስጥ እንኖር ነበር። አሁን የሚቆም የለም። ሁሉም ይቀመጣል።

ለዚህና ለሌላውም ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ሻለቃውን ስላመጡልን አመሰግናለሁ።

ሻለቃው አውራ ዶሮ ነው። ከመጋዘን ኃላፊነትዎ ጡረታ ወጥተው ከተማውን ሲሰናበቱ ይዘውት የመጡት፣ ጥቂት ሳምንት በግቢዎ አሰንብተው አንድ ማለዳ በብብትዎ ሥር ወደ ግንዱ ያመጡት፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጅራቱ ጥቁር የሆነ አውራ ዶሮ። ያን ዕለት የተናገሩትን አልረሳሁትም። «ጎበዝ! እርግብ እርግብ የምታህል ዶሮ እያረባን እስከ መቼ? ዘር ማለት ይሄ ነው። በየሳምንቱ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ዓመት ሳይሞላ የሰፈራችሁ ዶሮ ሁሉ የበግ ግልገል ያህላል!» አሉን። ወፍጮውን አጥፍቼ ነበር የሰማሁዎት፤ እንዲህ ያለ ንግግር በሞተር ድምፅ እንዲበላሽ አልፈለግሁም።

ከአገጩ ሥር የተንጠለጠለው ቀይ ሥጋ በአንድ ወገን አብጦ የለውዝ ፍሬ የዋጠ መስሎ ነበር። ፀጉር አስተካካያችን፣ ሰፈሩ «መላጣው» የሚለው፣ ጠጋ ብሎ ነካ አደረገውና «ጋሼ፣ ይሄ ያበጠው ምንድን ነው? ያተኩሳል እኮ» አለዎት። እርስዎም ሳያመነቱ «የወንድነት ምልክት ነው! አንተ አናትህ ላይ አንዲት ፀጉር ሳታበቅል ስለ ሰው አገጭ ምን አገባህ?» ብለው ሰዉን በሳቅ ገደሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈራችን አገጩ ያላበጠ አውራ ዶሮ ያለው ሰው አንገቱን ይደፋ ጀመር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰባት ክረምት ያልታከተው፣ ጭልፊት አባርሮ ጫጩት የሚያስጥል አውራ ዶሮ ነበረው። አገጩ ሜዳ ነው ብሎ አረደው። ሥጋው ጠንካራ ነበር አሉ።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ተራ ለአናጢው ሚስት በመስጠት ስላሳዩት ርኅራኄ አመሰግናለሁ። «ባል ለሌላት ቅድሚያ ይሰጥ» ነበር ያሉት። ፊትዎ ላይ ያየሁትን ኀዘኔታ በሌላ ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

የአናጢው ሚስት ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዶሮዎቿ ነበር። አናጢው መጨረሻ የሠራው ዕቃ የእነሱ ቤት ነው፤ በማጠፊያ የሚከፈት በር፣ ወንፊት ሽቦ የተወጠረበት መስኮት፣ እየተጎተተ የሚወጣ ወለል። «የአናጢው ዶሮዎች ከእኛ የተሻለ ቤት አላቸው» እያልን እንቀልድ ነበር። እሷም ትስቅ ነበር፤ «ለእናንተም ይሠራላችሁ ነበር፤ እንቁላል መጣል ብትችሉ» ትል ነበር።

ሻለቃው እዚያ ቤት ሳምንቱን ሳይጨርስ አንድ ጠዋት መጣችና ከግንዱ ራቅ ብላ ቆመች። የመንገዱን ወርድ የሚያህል ራቀች። ባዶ ጣሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «እናንተ ልጆች፣ እኔ ዛሬ አልቀመጥም» አለች። «ዶሮዎቼ ክንፋቸውን ጥለዋል፤ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል። የእናንተን ዝጉ። ሻለቃውንም ውሰዱልኝና ለብቻው እሰሩት፤ እሱ ከመጣ ወዲህ ነው።»

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል። ያወጣችውን ካራ ያነሱት እርስዎ ነዎት። «አንቺ ሴትዮ!» ብለው ተነሡ፤ «የማኅበሩን እንግዳ በቆሻሻ ግቢሽ ተቀብለሽ ጭራሽ ነገር ልትለጥፊበት ነው? እሱ ከታመመ ለምን አልሞተም?» ጥያቄው ብልህ ነበር፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። ሰዉ ሁሉ እፎይ ሲል ሰማሁት። የሚፈራው ነገር አውራ ዶሮ ከሚሆን የአናጢው ሚስት ብትሆን ይቀልለዋል። የዘበኛው ሚስት «እኔስ ድሮም ፈርቼ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከዶሮ ጋር ስታወራ የምትውል ሴት» አለች። የምትለው ጎረቤቷን ነበር፤ ጨው ስታጣ ወደ ቤቷ የምትሮጥላትን።

ውሳኔዎ ፈጣን ነበር። የታመሙትም ያልታመሙትም ይታረዱ፤ ቤቱ ይቃጠል፤ እሷ ዓመት ሙሉ ዶሮ አታርባ፤ ግንዱም ላይ አትቀመጥ። በአንገትዎ ያንጠለጠሉትን ፊሽካ ነፉ፤ ሰዉ ጋዝ ይዞ ሄደ። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ዘበኛው «ጋሼ፣ ማጠፊያውን እንኳ ልንቀለው? ያሳዝናል» ሲልዎት «ንቀለው» ማለትዎን እንደ ትልቅነትዎ ምልክት የሚቆጥሩ አሉ። በሩን አጋድሞ ማጠፊያዎቹን ሲነቅል እሷ አጠገቡ ቆማ ነበር። «ቀስ ብለህ፣ ልጄ፣ ምስማሩ ይጣመምብሃል» አለችው። አሁን ማጠፊያዎቹ በዘበኛው የዶሮ ቤት በር ላይ ናቸው። በሩ ያለ አንዳች ድምፅ ይከፈታል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ሻለቃው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሳሙና ታጥቦ ወደ መላጣው ቤት ተዛወረ።

ሦስተኛ፣ ዝምታን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ባለ ወፍጮ ስለሆንኩ ምን እንደሚነቅዝና ምን እንደማይነቅዝ ጥቂት አውቃለሁ፤ የዘንድሮው ዝምታ ግን ጆንያውን በልቶ ወጥቷል።

ለዶሮ የሚፈጭ እህል ይሸረከታል እንጂ አይልምም፤ ልም ዱቄት ጉሮሯቸውን ያንቃቸዋል። የሚልመው ለሰው ነው። ይህን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ሻለቃው ከመላጣው ቤት በወጣ በሁለተኛው ሳምንት መላጣው ጆንያውን ተሸክሞ መጣና ሰው እንዲሰማው «የዶሮዎቼ ነው!» ብሎ አስቀመጠው። ቀጥሎ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ «ትንሽ አልመው» አለኝ። «ለዶሮ?» ስለው፣ «አርጅተዋል፣ ጥርሳቸው ደክሟል» አለኝ። ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ሰምተዋል፤ አንድም ሰው አልሳቀም። በማግስቱ የዘበኛው ሚስትም የዶሮዎቿ ጥርስ አሳሰባት። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ጥርስ አመመው።

ግንዱ ላይ ግን ጨዋታው አልተቋረጠም። ክቡርነትዎ በጥላው ጫፍ ተቀምጠው «ዶሮዎቹስ?» ይላሉ። «ደህና ናቸው ጋሼ፤ ያቺ ቀይዋ ብቻ ልታቅፍ ነው መሰል ትቆጣለች» ይላል መላጣው፤ ቀይዋን በጓሮው በአካፋ አፈር ሲያለብሳት ያየሁ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። «የእኔይቱማ አጥር እየዘለለች አሰለቸችኝ» ትላለች የዘበኛው ሚስት። «ክንፏን ቁረጫታ!» ይላታል። «ኧረ ትዝለል፣ ጤና ነው» ትለዋለች። ከአፈር ሥር ተነሥታ የምትዘልል ከሆነማ በእርግጥ ጤና ነው። እንዲህ ስለ ሞቱ ዶሮዎች ጠባይ ሲጫወቱ እስኪፈጭላቸው ይቆያሉ፤ ልም ዱቄታቸውን ተሸክመው ሲሄዱም «ለዶሮዎቹ ሰላም በሉልን» ይባባላሉ። የአናጢው ሚስት ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። የምታስፈጨው እህል ሳይኖራት የምትመጣው ሌላ የምትሄድበት ስለሌላት ነው። ሰላም የሚላት የለም። በሽታው በሰላምታ ይተላለፋል ብለው ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።

አራተኛ፣ ስለ እንቁላሉ።

የዘበኛው ሚስት አንድ ቀን ትልልቅ ቀይ እንቁላል በሳህን ይዛ መጣች። ዶሮዎቿ ከተፈለፈሉ ጀምሮ የሚጥሉት ነጭና ትንሽ ነበር። ክቡርነትዎ ብድግ ብለው አጨበጨቡላት፤ «አላልኳችሁም? የሻለቃው ዘር ነው!» አሉ። በማግስቱ መላጣውም ቀይ እንቁላል አመጣ። አውራ ዶሮ ጎብኝቶ በሄደ በወሩ የሚጣለው እንቁላል ቀለሙን የሚቀይርበት ሰፈር በዓለም ላይ የእኛ ብቻ ነው፤ ይህም በእርስዎ ዘመን ሆነ።

ከየት እንደ መጣ የማውቀው በብልሃቴ አይደለም። የወፍጮ ቤቴ የኋላ መስኮት ከእርስዎ የጓሮ በር ትይዩ ስለሆነ ነው። የዘበኛው ሚስት ባዶ ሳህን በሻሽ ሸፍና ትገባለች፤ እሷ ስትወጣ መላጣው ከግንቡ ጥግ ብቅ ይላል። እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይጠነቀቃሉ። ከእርስዎ ግን ማን ሊደበቅ ይችላል? ማለዳ በጓሮ በር የሸጡላቸውን እንቁላል ረፋድ ላይ በግንዱ ፊት እያገላበጡ ሲያደንቁላቸው፣ ፊትዎ ላይ አንዲት ሥጋ ንቅንቅ አትልም። እኔ ብሆን እስቅ ነበር። ሊቀመንበር ያልሆንኩትም ለዚህ ይሆናል።

አምስተኛውን ምስጋና ትናንት ባላገኘው ኖሮ ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ሻለቃው ሲዞር ሁለት ጊዜ ተራው እርስዎ ጋ ደርሷል። ሁለት ጊዜም «እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለጎረቤቶቼ ይሁን» ብለው አሳልፈውታል። መላጣው ያን ሲሰማ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጓል፤ «እንዲህ ያለ ሰው እግዜር ለአንድ ሰፈር አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው» ብሏል። እውነቱን ነው፤ ሁለት ቢሰጠን አንተርፍም ነበር።

በዚህ ሳምንት ተራው ወደ እኔ መጣ። ያሉኝ ዶሮዎች ከወፍጮው ሥር የሚረግፈውን ጥሬ እየለቀሙ የሚኖሩ ጥቂት ናቸው። ሻለቃውን ከእነሱ ጋር አልቀላቀልኩትም፤ በናፍጣ ማስቀመጫው ክፍል ቅርጫት ደፋሁበት። ትናንት ረፋድ ላይ ደግሞ በብብቴ ሥር አድርጌ ወደ ቤትዎ ወሰድኩት። የእርስዎን በጎነት በእርስዎው ልክ ልመልስ ብዬ ነበር፤ «እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለሊቀመንበሬ ይሁን» እያልኩ። እርስዎ ለስብሰባ ወጥተው ነበር። በሩን መታሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ባለ ወፍጮው። ሻለቃውን ልመልስ ነው።»

በሩ ትንሽ ገርበብ አለ፤ መጀመሪያ የወጣው መጥረጊያ ነው። ደረቴን ገፋኝ። «ወዲያልኝ! ወዲያ! እሱን ይዘህ እግርህን እንዳታስገባ! የመጀመሪያዎቹን አንድ ሳያስቀር ፈጅቶብን ነው ከዚህ የወጣው፤ እነዚህን እንኳ ይተውልን!» ካሉ በኋላ ባለቤትዎ ያሉትን ራሳቸው የሰሙት መሰለኝ። ቀጥሎ ቀስ ብለው፣ «ምንም አላልኩም እኮ፣ አንተም አልሰማህም አይደል? በሞቴ» አሉኝና ዘጉት።

አደራ ባለቤትዎን እንዳይቆጧቸው። እሳቸው ምንም አልነገሩኝም፤ የነገረኝ መጥረጊያው ነው።

እንግዲህ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ሻለቃውን ይዘው ወደ ግንዱ በመጡበት ማለዳ የእርስዎ ዶሮዎች በጓሮዎ ተቀብረው ነበር። በደንባችን መሠረት ራቅ ብለው መቆም የነበረብዎት ሰው እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ግን በጥላው ጫፍ ተቀመጡ። «ከከተማ ተሸክሜ ያመጣሁት ዶሮ በሽተኛ ነው» ከማለት የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ማለቁ ቀለለዎት። ደግሞም ማንም የማይሟገትላትን ሴት መርጠው አስቀደሟት፤ ነገሩ ቢወጣ የሚለጠፍበት ግድግዳ አስቀድሞ እንዲኖር። ከዚያ አዳዲሶቹን ባለ ቀይ እንቁላል ዶሮዎች በጓሮ በር አስገቡ። በየቤቱ ይቆም የነበረው የእንቁላል ሰብሳቢው መኪና ዛሬ የሚቆመው በእርስዎ በር ብቻ ነው። በመጋዘንም ሳሉ እንዲህ ይሠሩ ከነበረ ጡረታ ያስወጡዎት ሰዎች ምን እንዳጡ አያውቁም።

ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ።

የአናጢው ሚስት በቀደም ጣሳዋን ይዛ መጣች። መንገዱን ተሻግራ፣ ግንዱን በሩቁ ዞራ፣ በኋላ መስኮቴ በኩል አንዲት እፍኝ በቆሎ አቀበለችኝና «ሸርክትልኝ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አልምልኝ በሚልበት ጊዜ ሸርክትልኝ ያለች እሷ ብቻ ናት። ጠየቅኋት። እህቷ ጫጩቶች በካርቶን ልካላታለች፤ አልጋዋ ሥር አስቀምጣ በጠርሙስ ሙቅ ውሃ ታሞቃቸዋለች። «ድምፃቸው እንዳይሰማ ስስል ነው የምውለው» አለችኝ። ሳቀች። እሳቱ ከነደደ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

መላጣው ተራ እየጠበቀ ነበር፤ ጆሮው እንደ ፀጉሩ አይደለም፣ አለው። ነገሩ በማግስቱ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። ዛሬ ቀትር ላይ ጫጩቶቹ በጆንያ ተሰብስበው እርስዎ ፊት ውሃ ውስጥ እንዲደፈቁ፣ እሷም እንደገና ብትሞክር ከሰፈሩ እንድትወጣ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። የሚሰበስበው መላጣው ነው። አንድም ዶሮ የሌለው ሰው የሌላውን ዶሮ ሊያስወግድ መመረጡ ተገቢ ነው፤ እጁ ነፃ ነው።

ልመናዬ ይህ ነው፦ ጫጩቶቹ ባሉበት ይደጉ። እርስዎም ነገ ጠዋት ከግንዱ ራቅ ብለው ይቁሙና ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ከባድ አይደለም። የአናጢው ሚስት ባዶ ጣሳ ይዛ ችላዋለች፤ እርስዎ ፊሽካ አለዎት።

እምቢ ካሉም አልቀየምዎትም። ሻለቃው ግን ቤቱ ናፍቆታል። ከቅርጫቱ ሥር ሆኖ የእርስዎ ዶሮዎች በጮኹ ቁጥር ይመልስላቸዋል፤ የባለቤትነት ጉዳይ ነውና እኔ ከመሀል መግባት አልወድም።

በመጨረሻም፣ ይህን ደብዳቤ ቆሜ እንደ ጻፍኩት እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ቅርጫቱን በደፋሁበት እጄ ለዶሮዎቼ ጥሬ በትኜላቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ክንፋቸውን ጥለው አገኘኋቸው። ስለዚህ፣ እናንተ ግንዱ ላይ ያላችሁ፣ ከወፍጮ ቤቴ ራቁ፤ ዶሮ የቀረው ሰው ካለ ይዝጋ። ተናግሬያለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመቀመጫዎ የማያቋርጥ ጥላን፣ ለጓሮ በርዎ ዝገት የማይነካውን ማጠፊያ (ዘበኛው ትርፍ አለው) እየተመኘሁ፣ በሹመትዎ ዘመን ከተረፉት ጥቂት ነገሮች አንዱ በመሆኔ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሳ፣

ታዛዥዎ፣
ባለ ወፍጮው።

የተረሳ ነገር፦ ስሜን ጽፌ ብዕሬን ሳልከድን መላጣው ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ አናጢው ሚስት ቤት ሲያልፍ አየሁት። ቀትር ገና ነው፤ ቸኩሏል። የዘበኛው ሚስት እህል ከወፍጮው አፍ ገብቶ እኩሌታው አልወረደም፤ ሞተሩን አላጠፋሁትም፣ ጨርሶ ሲያበቃ ራሷ ታጥፋው፤ ልሟል። እኔ ሻለቃውን በብብቴ ሥር ይዤ ወጥቻለሁ። ከጓሮዎ አጥር ሥር ቆሜ ጆንያው ሲመለስ እጠብቃለሁ። ባዶውን ከተመለሰ የሻለቃውን አንገት እዚያው ፊትዎ እቆርጣለሁ፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። የሚንጫጫ ጆንያ ከመጣ ግን ሻለቃው ወደ ሚስቶቹ ይገባል። በሩን ለመክፈት ባለቤትዎን አያስቸግሯቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የእርስዎን አጥር መነቅነቅ አያስፈልግም፣ አጭር ነው።